«እኔን» ማለት የተከለከለበት መጋዘን

ሕዝብ ከሕዝብ የሚለየው በቋንቋ፣ በአለባበስና በምግብ ነው ይባላል። መልክዐ ምድር ያስተማርሁ ሰው ነኝና ይህን አከፋፈል ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን ስሕተት እንደ ነበረ አምናለሁ። ሕዝብ ከሕዝብ የሚለየው አጠገቡ ያለ ሰው ሲወድቅ በሚያደርገው ነገር ነው። የሚስቅ ሕዝብ አለ። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ ሕዝብ አለ። «አር ዩ ኦኬ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሕዝብም አለ። እኛ ደግሞ «እኔን» እንላለን። የተደናቀፈው ወዳጅ ይሁን ባላንጣ፣ እግሩ ድንጋዩን ነክቶ ሳይጨርስ ቃሉ ከአፋችን ወጥቷል። ባንተ ፈንታ በእኔ ይሁን ማለታችን ነው። እንዲህ ያለውን ከባድ ቃል ኪዳን በቀን አሥር ጊዜ እየገባን፣ አንድም ቀን «በሉ እንግዲህ ፈጽሙ» ያልተባልን ዕድለኞች ነን።

ይህን ቃል ለመናገር ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቤት መኖሩን የተማርሁት በሰባ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ሲያትል፣ ሶዶ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ነው። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ስለ ነበር ነው። አይ፣ ላርመው፤ ተቆጥቼ ነበር ብል ልበርድ የቻልሁ ይመስላል፤ አሁንም እንደ ተቆጣሁ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በቤታችን ነው። የልጄ የሰናይት ልጅ ሶስና የነርሲንግ ትምህርቷ ሁለተኛ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ትምህርቱን ትቼ ዳንሰኛ እሆናለሁ አለች። ዳንስ ስትል በሰርግ የምናውቀው አይደለም፤ «ኮንቴምፖራሪ» የሚሉት ነው። ሰናይት በአየር ማረፊያው ሰፈር በሲታክ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ ቆማ እየዋለች ያሳደገቻት ልጅ ናትና፣ ወሬው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንዳረፈ መገመት አያዳግትም። እናትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ በስልክ መልእክት ብቻ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሰናይት ወደ እኔ መጥታ፣ «አባዬ፣ እሑድ ሾው አላት። እኔ ብሄድ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እጮኻለሁ። እርስዎ ሄደው ይዩትና ይፍረዱ፤ ያሉትን እቀበላለሁ» አለችኝ። ሶስናም፣ የአክብሮቱ አማርኛ ለእርሷ ሳይደርስ ስላለቀ፣ «ኦኬ አባባ፣ አንተ ዲሳይድ አድርግ» አለችና ተስማማች። ሽማግሌነት በእኛ ዘመን ድንበር ለገፉና በትዳር ለተጣሉ ሰዎች ነበር። አንዲት ልጅ ትተኛ ወይስ ትነሣ፣ ትዝለል ወይስ መርፌ ትውጋ ብሎ መፍረድ ግን ለየትኛው ሽማግሌ ደርሶት ያውቃል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሰፈራችን ከኮሎምቢያ ሲቲ ባቡር ይዤ ሄድሁ። ሙዚቃው የአይሁድ ነው፣ ሙዚቀኞቹም መድረክ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጫወቱት ተብሎ ስለ ተነገረኝ፣ እንደ ቅዱስ ዳዊት በገና የሚደረደር መስሎኝ ከረባቴን በጥንቃቄ አስሬአለሁ። የደረስሁት ግን የሴራሚክ መሸጫ አጠገብ ያለ መጋዘን ነው። ወለሉ ጥቁር ምንጣፍ የለበሰ ሲሚንቶ፣ ወንበሩ ተጣጣፊ፣ ጣሪያው የቧንቧ መንገድ። በገናም አልነበረም። አንድ ክላርኔት፣ አንድ ቫዮሊን፣ አንድ አኮርዲዮን፣ አንድ ደግሞ ከተጫዋቹ የሚረዝም የቫዮሊን ታላቅ ወንድም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሙዚቃው ላይ ክስ የለኝም። ክላርኔቱ ገና ሲጀምር ሰው ያለቀሰ መስሎኝ ቀና አልሁ፤ ወዲያው ሳቀ። አለቀሰም ሳቀም ማለት ትክክል አይደለም፤ እንባው ሳይደርቅ የሚቀልድ ዘመድ ይመስላል ብል ይሻላል። ቫዮሊኑና የእኛ መሰንቆ ደግሞ አንድ እናት ባትወልዳቸው እንኳ አንድ ሞግዚት ሳታሳድጋቸው አልቀረችም። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ሰማንያ ሳይሆናቸው የማይቀር ደቃቃ ሴት፣ ጣቴ ጉልበቴን ሲመታ አይተው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ስማቸው ሚርያም ነው። ይህ ክሌዝመር የሚባለው፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ በሰርግ ላይ ሲጫወቱት የኖሩት ሙዚቃ መሆኑን ነገሩኝ። «እግሬ እስከ ዛሬ ያውቀዋል፤ ጉልበቴ ነው የረሳው» አሉና ከረሜላ ሰጡኝ።

የሰርግ ሙዚቃ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ምናልባት ባልተቆጣሁ። ለመሆኑ ለሰርግ በተሠራ ዜማ ላይ ሰው እንዴት ይተኛል? ስምንት ጤነኛ ወጣቶች የድንች ከረጢት የሚመስል ልብስ ለብሰው፣ አኮርዲዮኑ ኑ ክብ ሠርታችሁ ጨፍሩ እያለ ሲለምናቸው፣ እነርሱ ወለል ላይ ተዘርረው ቧንቧ ያያሉ። ተመልካቹስ? እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ ብሔራዊ ፈተና ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ዝም። በአገሬ እንዲህ ያለ ሙዚቃ እየሰማ እጁን ያጣጠፈ ሰው ቢገኝ፣ ሙሽራዋን ለራሱ ፈልጎ ነበር ተብሎ ይታማል።

ከዚያ መውደቅ ተጀመረ። በመጀመሪያ አንድ ረጅም ወጣት፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ ዘጭ አለ። «እኔን» አልሁ፤ በዝግታ ነው ያልሁት። ሁለት ሴቶች ተከተሉት። እነርሱንም እንደዚያው። አራተኛዋ ሶስና ነበረች። ከመድረኩ ጥግ ሮጣ መጥታ፣ ተነሥቶ የቆመው ረጅም ልጅ ትከሻ ላይ ወጣች፤ አራቱም ሙዚቀኞች በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ፤ በዚያ ጸጥታ መካከል ልጅቷ በጀርባዋ ወደ ኋላ ተለቀቀች።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ያለ ድምፅ ማጉያ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ሲደርስ የኖረ ድምፅ ጡረታ አይወጣም። «እኔን» ያልሁት ቃል ቧንቧውን ዞሮ ወደ እኔ ተመለሰ። መጋዘኑ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ረጅሙ ልጅ ከወለሉ አንድ ስንዝር ሲቀራት ይዟት ነበርና ሶስና ምንም አልሆነችም፤ እንደ ሞተ ሰው ተዘርግታ መተኛት ይገባት ነበር። ሬሳው ግን ሆዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቋን እየዋጠች ነበር።

አፍንጫው ላይ ቀለበት ያደረገ አስተናጋጅ ወጣት፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዞ ጎንበስ ብሎ መጣ። «ሰር፣ ለአርቲስቶቹ ስፔስ እንስጣቸው» አለኝ። የወደቀችው የልጅ ልጄ ናት አልሁት። አልወደቀችም፣ ታስቦበት ነው አለኝ። ይህን መልስ አንባቢ ይመዝንልኝ። አንጎል ታስቦበት መሆኑን ያውቅ ይሆናል፤ አጥንት በምን ያውቃል? የእኛ ሰዎች «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላሉ፤ በዚያ መጋዘን ውስጥ ከዛፉ ጎን የቆምሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፣ የተገሠጽሁትም እኔ ነኝ።

ልጁ ሲሄድ ወይዘሮ ሚርያም ምን ማለቴ እንደ ነበር በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ከዚያ፣ በልጅነታቸው ሲወድቁ እናታቸው በይዲሽ፣ ማለትም የዚያ አገር አይሁድ በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ፣ «በነዚያ ትንንሽ አጥንቶችሽ ፈንታ እኔ ልሁን» ይሏቸው እንደ ነበር አጫወቱኝ። ይህን ከሰማሁ ስድሳ ዓመት ሆኖኛል አሉ። ስድሳ ይሁን ስድሳ አምስት በትክክል አልያዝሁትም፤ ድምፃቸው ስለ ተለወጠ ደግመው እንዲነግሩኝ አልጠየቅሁም።

የሚቀጥለው ዳንሰኛ ሲወድቅ ቃሉ ከሁለት ወንበር ወጣ፤ ከእኔ በአማርኛ፣ ከእርሳቸው በይዲሽ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እንዲያውም ወይዘሮ ሚርያም፣ ሰው ገና ሊወድቅ ሲንገዳገድ፣ ቀድመውኝ ይሉ ጀመር። የእጅ ባትሪው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ምክር አልነበረም፤ ለየን። እርሳቸውን ወደ ፊት፣ እኔን ወደ መጨረሻው ረድፍ፣ ከመሰላልና ከመጥረጊያ አጠገብ። ስንት ጥንድ ወሬኛ ተማሪ ለያይቼአለሁ፤ ስንቱንስ ከግድግዳ ጋር አፋጥጬ አስቀምጬአለሁ። ግፍ መሆኑ የገባኝ መሰላሉ ትከሻዬን ሲነካኝ ነው። ላርመው፤ ተማሪዎቼ ያወሩት ስለ ኳስ ነበር። እኛ ግን የተቀጣነው ለሰው አጥንት ስላሰብን ነው።

ከዚያ ቦታ ሆኜ የመጨረሻውን አየሁ። ክላርኔቱ ብቻውን በዝግታ ጀመረ፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ዜማው እየፈጠነ መጣ፤ በመጨረሻ ያ ተኝቶ የከረመ ሁሉ ተነሥቶ ክብ ሠራ። ሶስና ከክቡ ወጣች፣ ተመለሰች፣ ዘለለች፣ በአየር ላይ እያለች ሙዚቃው ቆመ፣ ወረደች። አፌ ተከፍቶ ነበር። ቃሉ አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ እስከ አሁን አላውቅም፤ የእጅ ባትሪውን ፈርቼ እንዳልሆነ ግን እምላለሁ።

በሩ አጠገብ ላቧ ሳይደርቅ መጣችና በእንግሊዝኛ ታወርድብኝ ጀመር። መሞት ነበረብኝ፤ አንተ አሳቅኸኝ፤ ዳይሬክተሯ ማነው ያ ሰውዬ ስትለኝ አላውቀውም አልኋት አለች። ቅዱስ ጴጥሮስም እንዲሁ ብሎ ነበር አልኋት። አልሳቀችም። ፎጣዋን በእጇ ጠመዘዘችና፣ «ሶ፣ ለእማዬ ምን ልትላት ነው?» አለች፤ ይህን በአማርኛ ነው ያለችው። አስብበታለሁ አልሁ። ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን።

ሰናይት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ ሶስና ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። እኔም ብይኔን ለማሰማት ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ፍርዴ፣ ልጅቷ ወደ ነርሲንጓ ትመለስ የሚል ነበር። አይ፣ እውነቱን ልናገር፤ ፍርዴ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቅሁም ነበር፤ ቁጣዬን ግን አሳምሬ አውቀው ነበርና ከእርሱ ጀመርሁ። የሰርግ ሙዚቃ ላይ መተኛት ነውር መሆኑን ተናገርሁ። የልብሱን ነገር ተናገርሁ። ከግራ ሁለተኛዋ ልጅ ክብ ሲሠራ ዘወትር ግማሽ ምት እንደምትዘገይ፣ ረጅሙ ልጅ ሶስናን ሲቀበል ቀኝ እጁ ከግራው እንደሚቀድም ተናገርሁ። ሶስና ራሷ ከመዝለሏ በፊት ቫዮሊኑን እንደምትጠብቅ፣ መጠበቅ የሚገባት ግን ክላርኔቱን እንደ ሆነ፣ በስተመጨረሻም ስትወርድ የግራ እግሯ ወደ ውስጥ እንደሚዞርና ይህም ወገቧን እንደሚያሳጥረው አስረዳሁ። ሰናይት አንድ ጊዜ ሰዓቷን አየች።

«አበቁ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ» አልኋት።

ወደ ልጇ ዞረች። «የቀረሽን አንድ ወር ጨርሺ፣ ፈተናሽን ተፈተኚ። ከዚያ ወደ ዳንስሽ ሂጂ» አለቻት።

እኔ ገና አልፈረድሁም አልሁ። ሰናይት ፈገግ ሳትል፣ «ፈርደዋል፣ አባዬ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ክፍልዎ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁኮ። ተስፋ ያለውን ልጅ ደብተር በቀይ ቀለም ያጠግቡት ነበር፤ ተስፋ የቆረጡበትን ‹መልካም› ብለው ነበር የሚያልፉት» አለች። ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። «የእኔ ደብተር ላይ ሁለቱንም ዓመት የጻፉት ‹መልካም› ነው።»

ካርታ መሣል አይሆንላትም ነበር ልል ፈልጌ ተውሁት። በእርሷ ደብተር ላይ የጻፍሁትን ለማረም ሠላሳ ዓመት ዘግይቻለሁ። ስለዚህ በቀረልኝ ብቸኛ መንገድ ሄጄ፣ ፍርዱ ያለ ፈቃዴ የተወሰደብኝ ስለ ሆነ እንደ ገና ይታይልኝ ብዬ ይግባኝ አልሁ። በራሱ ብይን ላይ ይግባኝ ያለ ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰናይትም አልሰማችም መሰለኝ፣ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ሶስና ግን ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው እየገፋች ነበር። «አባባ፣ የግራ እግሬ የቱ ጋ ነው ሚስቴክ ያደረገው? አሳየኝ» አለችኝ። ቁጣዬ እንዳልበረደ፣ የዛሬው ድርጊት ሁሉ እንዳሳዘነኝ፣ በቃልም በጽሑፍም ተቃውሞዬን እንደማቀርብ ገለጽሁላት። ከዚያ ኮቴን አውልቄ ወንበር ላይ ሰቀልሁና፣ ትክክለኛው አወዳደቅ እንዴት እንደ ሆነ ላሳያት ጉልበቴን አጠፍሁ።