ስድስት እንቁላልና አንድ ዋንጫ

እድፍን የሚያመሰግን ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ጽዳት መፈክር አለው፣ ዘመቻ አለው፣ በየቀበሌው ኮሚቴ አለው። እድፍ ግን ይህን ሁሉ ዘመን የሰውን ገመና ሸፍኖ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ደህና ስም አላገኘም። ዛሬ ስለ እሱ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። በስብሰባ ላይ ተናገሪ ብትሉኝ ድምፄ ይጠፋል፤ ወረቀት ላይ ግን የሚያስቆመኝ የለም።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ አዋሳ ተመድቤ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር፣ ቤተ መጻሕፍቱንም እጠብቅ ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ እስከ መጨረሻው ማንበብ ልማዴ ነው። ስኳር የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ እንኳ እጄ ከገባ ሳይነበብ አይጣልም። ይህን ጉራዬን ያዙልኝ፤ በኋላ ታፍሩብኛላችሁ።

አንድ ሰኞ ዳይሬክተራችን አቶ ታደሰ ደብዳቤ ይዘው እያለከለኩ መጡ። ጓድ ብሥራት የሚባሉ አዲስ የክፍለ ሀገር ሹም ሐሙስ ለስፖርት በዓላችን ሊመጡ ነው። ደብዳቤው ስለ ወንበርም ስለ ድንኳንም አያነሣም። “የድሮው የእግር ኳስ ዋንጫ ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ” ይላል። “የድሮው” የምትለዋ ቃል በቀይ ተሰምሮባታል።

ዋንጫው የሚኖረው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ነበር። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፣ ሆዱ ጎድጉዷል፣ አንድ ጆሮው ተነቅሎ ውስጡ ተቀምጧል። አቶ ታደሰ “አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ ዕቃ አትሰብሪም፣ አሳምሪው” አሉኝ። ዝምታና ዕቃ አለመስበር ምን እንደሚያገናኛቸው ልጠይቅ አሰብኩና ዋንጫውን ታቅፌ ወጣሁ።

መናኸሪያ አጠገብ የአውቶቡስ ራዲያተር የሚበይዱ ጋሽ ላታሞ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዋንጫውን ሳቀርብላቸው “ይሄ ደግሞ የየትኛው አውቶቡስ ነው?” አሉ። ጉድጓዱን ከውስጥ በእንጨት እየመቱ አቀኑት፤ ጆሮውንም ስታኞ አቅልጠው አጣበቁት። “በጆሮው እንዳታነሺው ልጄ፤ እንደ አለቃ ነው፣ ጆሮ አለው እንጂ ሸክም አይችልም” ብለው ሸኙኝ።

ቤቴ ገብቼ በአመድና በሎሚ ወለወልኩት። እንዴት ያለ ብር ነው ከሥር የተኛው! በመጀመሪያ አንበሳ ብቅ አለ። ቀጥሎ ዘውድ። ከዘውዱ ሥር “ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥት የተበረከተ” የሚል ጽሑፍ። እጄ እዚያው ላይ ቀጥ አለ፤ መወልወሉም እዚያው ላይ ቀረ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። ዘመኑ ዘውድ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ የረሳ ሰው “አድሃሪ” ተብሎ የሚገመገምበት ነው። እኔ ደግሞ አልረሳሁም፤ ዘውዱን በሎሚ አጥቤ አብርቻለሁ! አቶ ታደሰ ሲያዩት ከሎሚው የባሰ ቢጫ ሆኑ። “ወጥመድ ነው! ‘የድሮው’ ብለው ያሰመሩበት ሊይዙን ነው! ይህ ነገር ሐሙስ ከታየ እኔ አላውቅሽም” አሉኝ። እንዳይደበቅ በደብዳቤ ተጠርቷል።

ወደ ጋሽ ላታሞ ሮጥኩ። ይፋቅልኝ አልኳቸው። “ብሩ ስስ ነው፣ ሲፋቅ ከሥሩ ነሐሱ ይወጣል። ያኔ ማን ፋቀው፣ ምን ነበረበት ይሉሻል” አሉ። እንግዲያው ጥቁረቱን ይመልሱልኝ አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አጽዳልኝ እያለ ሲመጣ ነው የማውቀው። አቆሽሽልኝ ያለች የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።”

ጥላሸት ቀቡት፤ በጣት ሲነካ ለቀቀ። የእኔ ንባብ ለቁም ነገር የዋለው ያን ጊዜ ነው። የተቀቀለ እንቁላል ብርን እንደሚያጠቁር አንብቤ ነበር። ስድስት እንቁላል ቀቅዬ፣ ከትፌ፣ ከዋንጫው ጋር የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከደንኩት። ጋሽ ላታሞ በሐዘን እያዩ “ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ይህን ነው? ሰው ያልጠገበውን እንቁላል ለዋንጫ?” አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት ዋንጫው ጠቁሯል፤ አንበሳውም ዘውዱም የሉም። ሽታው ግን ነበር።

ጓድ ብሥራት ቁመታቸው ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ዋንጫውን በዚያ በተበየደ ጆሮው አነሡት። ያዘ! ስታኞ ይባረክ። ከዚያ አፍንጫቸውን ሸበሸቡና ምንድን ነው የሚሸተው ብለው ጠየቁ። አቶ ታደሰ “ታሪክ ነው፣ ጓድ!” አሉ።

ጓድ ብሥራት መሐረባቸውን በምራቅ አርሰው ማሸት ጀመሩ። የሚያሹት ግን እኔ የማውቀውን ጎን አይደለም፤ ጀርባውን ነው። ቀስ በቀስ ፊደል ወጣ፦ “አምበል ብሥራት።” ከሥሩ የአሥሩ ተጫዋቾች ስም። ያ የማይፈታ ፊት እንደ ተማሪ ፊት ተፈታ። “እኛ ስንቀበለው መስታወት ነበር፤ ጸጉራችንን እናበጥርበት ነበር። ማን ነው እንዲህ ያቆሸሸው?” አሉ።

የአቶ ታደሰ ጣት ከአፋቸው ቀድሞ ወደ እኔ ተቀሰረ። በዘውድ እያዛለሁ ስል በእድፍ ተያዝኩ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ የማላውቅ ሴት አንድ እርምጃ ጠጋ ብዬ “እኔ ነኝ፣ ጓድ። በዚያኛው ጎን ዘውድ አለ” አልኩ።

ዋንጫውን አዙረው ጥቁሩን ጎን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ግራ ቀኙን አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ታዲያ ወደ ግድግዳው አታዞሪውም?” አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። የስኳር መጠቅለያ እስከ መጨረሻው የማነብ ሰው ከዘውዱ ላይ ስደርስ ንባቤን ማቋረጤ! ከዚያን ቀን ወዲህ ዋንጫ ስወለውል የምጀምረው ከጀርባው ነው። በትእዛዝ የስሞቹን ጎን ወለወልኩ፤ የአንበሳውን ጎን እንደ ጠቆረ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ለጋሽ ላታሞ ስነግራቸው አልሳቁም። “ግማሹ ብቻ መጥቆሩ ይበቃ ነበር በይኛ?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

“እንግዲያው ሦስቱን እንቁላል በበላነው ነበር።”