በቀጠሮ የመጣ ድንገተኛ ጉዞ

ድንገት ብድግ ብሎ መሄድ የሚቻለው ወይ ምንም ሳይኖር ነው፣ ወይ ሁሉ ሲተርፍ። መሀል ላይ ያለን ሰዎች አንሄድም፤ እንዘጋጃለን። ትንሽ ሱቅ፣ ሁለት በግ፣ የዕድር ተራ ያለበት ሰው ለማስነጠስም ቀን ይቆርጣል። ካላመናችሁኝ ያለፈውን ሳምንታችሁን ፈትሹ። ያላሰባችሁትን ምን አደረጋችሁ?

እኔም እንዲህ አልነበርኩም። ሞላሌ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር ባለቤቴ በማለዳ "ተነስ፣ ራቤል ሄደን እናቴን አይተን እንምጣ" ትለኛለች፤ ፊቴን ሳልታጠብ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። የመመለሻው ነገር እዚያ ከደረስን በኋላ የሚታሰብ ነበር። ከዚያ ልጅ መጣች፤ ሱቅ መጣ። አምና ደግሞ ባለቤቴ አረፈች። ስለዚህኛው ብዙ አልጽፍም። ሱቁ ግን በሠልስቷ ማግስት ተከፈተ፤ ዘይት ፈላጊ ሐዘን እስኪወጣ አይጠብቅም።

እኔ ስሰጋና ስቆጥብ የምታየኝ ልጅ አለች፤ ሜሮን ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ብስኩት አውርጄ ሰጠኋት። ወደ ቦታው መለሰችው።

"ይሸጥ፣ አባዬ" አለችኝ።

ጫማዋ እንደጠበባትም ያወቅሁት ስታነክስ አይቼ ነው። ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች አስተዋይ!" ይለኛል። እኔ ግን ፈራሁ። በቤቱ ውስጥ አዋቂ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ድንገተኛ ነገር ላደርግ ወሰንኩ። መቼ? በሚቀጥለው ሳምንት፣ ገበያ በማይውልበት ቀን። ሱቁንም በጎቹንም ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘነበች አደራ ልል ሄድኩ።

"ድንገት ተነስቼ ልሄድ ነው" አልኳቸው።

"መቼ?"

"ረቡዕ።"

"ይሄማ ቀጠሮ ነው!" ብለው ሳቁብኝ።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሌሊቱን የተለማመድኩትን ደስታ ፊቴ ላይ አድርጌ "ሜሮንዬ፣ ተነሺ! እንዲያው ዝም ብለን አያትሽ ጋ እንሂድ!" አልኳት።

"ሱቁስ?"

"እትዬ ዘነበች አሉ።"

"በጎቹስ?"

"እሳቸው ያያሉ።"

"አውቶቡስ ላይ ለእኔም ይከፈላል?"

"ታቅፌሽ ነው የምሄደው።"

ይህኛው ደስ አሰኛት። ተነሳች።

መሐል ሜዳን አልፈን ጓሳ ሣር የሞላበት ሜዳ ላይ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ያጉረመርማል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ያወጣሁት ፕሮግራም እየተበላሸ ነው። ቀና ስል ሜሮን አጠገቤ የለችም። ጫማዋን መንገድ ዳር አውልቃ ቁልቁል በሣሩ ውስጥ ትሮጣለች።

ጎማው ተቀየረ። ረዳቱ "ግቡ! ግቡ!" አለ።

"ሜሮን፣ ነይ! ጥለውን ይሄዳሉ!"

"አልመጣም!"

"ለምን?"

"አልፈልግማ!"

ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልሰማሁት ቃል ነው። ልይዛት ያነሳሁትን እግር መለስኩ።

"ወንድም፣ ትይዛታለህ ወይስ እዚሁ እንክረም?" አለ ረዳቱ።

"ሂዱ" አልኩት።

"ሒሳብ አይመለስም!"

"ሂዱ አልኩህ እኮ!"

ከዚያ ተከትያት ሮጥኩ። ሣሩ እርጥብ ነበር፤ ተያይዘን ወደቅን። ያን ያህል አልሳቅንም፤ ላሳምረው ብዬ አልዋሽም። ጉም ወረደብን፣ በረደን። ያን ሁሉ ሳቅድ ስንቅ መያዝ ረስቻለሁ። ራቤልን ትተን ወደ ሞላሌ የሚመለስ መኪና ፍለጋ መንገድ ዳር ቆምን፤ መኪናው ቀረ፣ ሜሮንም ራባት። እንደ ወትሮዋ "ግድ የለም" አላለችም።

"ዳቦ! አሁን!" ብላ ጮኸች። የለም ስላት ባሰባት፤ መሬቱን በእግሯ መታችው፣ እኔንም ጨመረችኝ።

በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ቆመልን። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ለቅሶዋን ሰማና "ምን ያለች ባለጌ ልጅ ናት ይቺ!" አለኝ።

"የኔ ናት" አልኩት፣ ኮራ ብዬ።