የዳለቻ ትንፋሽ

«የተማረ ይግደለኝ» ያለውን ሰው ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር። ዕውቀት ክፉ ነው አልልም፤ እንጀራዬ ነው። ትንሽ ዕውቀት ግን እንደ ቁንጫ ናት፤ አታስቀምጥም።

ንፋስ መውጫ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በቀደም ስልኬ ላይ አንድ ነገር አነበብኩ፦ እንስሳ አየር በአፍንጫው ሲስብና ሲያስወጣ አንጎሉም ምቱን ይከተላል አሉ። አይጥ እንኳ በፍርሃት ደርቃ ስትቆም ትንፋሿና አንጎሏ በአንድ ምት ይሄዳሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ያገኘሁት ይመስል ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ አያ ሞላ ከስማዳ ደወሉ።

አያ ሞላ ዳለቻና ቡሬ የሚባሉ ሁለት በሬዎች ነበሯቸው፤ ስምንት ዓመት በአንድ ቀንበር ያረሱ። ቡሬ ገደል ገብቶ ሞተ። ጎረቤታቸው አበጀ በሬውን ሊያቀናጅላቸው ፈቀደ፤ ዳለቻ ግን ቀንበር አንገቱን ሲነካው እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል። ግንቦት ሊያልቅ ነው፣ ዝናቡ ገብቷል፣ የገብሱ መሬት ጦም ሊያድር ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። መቼም እኔ ያላወቅሁት ትንፋሽ የለም!

ማሳው ላይ አበጀ በሬውን አምጥቶ ሁለቱን ጠምደዋቸዋል፤ ዳለቻ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፤ አፍንጫው ተነፍቷል።

«አያ፣ ትንፋሹን ካረጋጋንለት አንጎሉም ይረጋጋል» አልኳቸው።

«እንዴት አርገን ልጄ?»

እሱን አላነበብኩም። ግን መምህር «አላውቅም» ማለት ያውቅበታል እንዴ? የዳለቻን አንገት እያሻሸሁ ፊቴን ወደ አፍንጫው አስጠግቼ በረጅሙ መተንፈስ ጀመርኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እዚያ ግን የተለቀለቀው ሳሚው ነበር። አበጀ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ታዲያ ብታምኑም ባታምኑም፣ የዳለቻ ትንፋሽ ቀስ አለ። ጎኑ ረገበ። አያ ሞላ ዓይናቸው በርቶ ጅራፋቸውን አነሱ፤ በሬውም ሄደ። አንድ ፈር፣ ሁለት ፈር። ሦስተኛው ላይ ሲዞሩ አንገቱን ወደ ጎን መልሶ አብሮት የተጠመደውን የአበጀን በሬ አሸተተው። ቡሬ አልነበረም። ዳለቻ ከነቀንበሩ ተኛ።

ገፋነው፣ ለመንነው፣ አልተነሳም። አበጀ ፀሐዩን አየና «አያ ሞላ፣ አይቀየሙኝ፤ የኔም መሬት እየጠበቀኝ ነው» ብሎ በሬውን ፈትቶ ሄደ። መቀየምም አይቻልም፤ እውነቱን ነው።

አያ ሞላ አጠገቡ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አኖሩ። እኔም ጎንበስ ብዬ ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ እንደ ተኛ ሕፃን የተስተካከለ ነው።

«ትንፋሹስ ደህና ነው፤ መኖሩን ነው የጠላው» አሉኝ፣ ከመሬቱ ላይ ቀና ሳይሉ።

በሳምንቱ ወገዳ ገበያ ወሰዱት፤ የገዛው ባለ ልኳንዳ ነው። መሬቱን ለአበጀ የእኩል ሰጡት። ሚስታቸው አክስቴ ስትደውል «አጎትህ ድንበሩ ላይ ወጥቶ የሰው እርሻ ሲያይ ይውላል፤ አይበላም፣ አይናገርም። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ይሻለዋል?» ትለኛለች። ስለ ዝናቡ እጠይቃታለሁ፤ ካርዷ ያልቅና ይገላግለኛል።

ሰኞ ስለ ትንፋሽና አንጎል አስተማርኩ፤ የዳለቻንም ታሪክ ነገርኳቸው፣ እስከ ሁለተኛው ፈር ድረስ። ክፍሉ ደስ አለው። ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከዚያስ በሬው ምን ሆነ?»

ሰሌዳውን እያጠፋሁ «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አልኳት።