ቅቤ የጎደለው ሽምግልና

ዘንድሮ የማይፈውስ ምግብ ጠፍቷል። ድሮ ሰው የሚበላው ስለራበው ነበር፤ ራበን፣ በላን፣ ወደ ማሳ ወጣን፣ አለቀ። አሁን ግን ጎመን ለዓይን ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ለልብ ነው፣ ዝንጅብል ለጨጓራ ነው፣ ስኳር ድንች ለአንጀት ነው፣ እርድ ደግሞ ለቀረው ሁሉ ነው። ይህን ሁሉ ከጓሮዬ እየነቀልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስበላ ኖሬያለሁ። ለካስ ገበሬ ነኝ ብዬ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የከረምኩት! ጉልበቴ ብቻ ይህን ወሬ የሰማ አይመስለኝም። አቀበት ባየ ቁጥር እንደማያውቀኝ ይሆናል።

ይህን እውቀት ወደ ቤቴ ያስገባችው ልጄ ምሕረት ናት። ሶዶ ተምራ፣ በሥነ ምግብ ተመርቃ መጣች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ስለዚህ ልጄ ስትናገር አዳምጣለሁ። ማዳመጥ ማለት ግን ማመን አይደለም፤ በሬዬም እኔን ያዳምጠኛል።

አንድ ጠዋት ስለ ዝንጅብል አስተማረችኝ። እኔን! ጉኑኖ ዙሪያ ዝንጅብል ሳይተክል ያረጀ ገበሬ ያለ ይመስል። ዝንጅብል በሽታን ይከላከላል አለችኝ። ጥሩ፤ ታዲያ ያ አጠውላጊ በሽታ መጥቶ ያገሩን ዝንጅብል ከነሥሩ ሲያበሰብሰው፣ ራሱን መከላከል ምነው አቃተው? ብዬ ጠየቅኋት። «አባ፣ እሱ ሌላ ነው» አለች። የተማረ ሰው መልስ ሲያጥረው ነገሩ ሁልጊዜ «ሌላ» ይሆናል።

የሽፈራው ቅጠል ጉልበት ይሰጣል አለች። ይህንንስ አልክድም። ፍየሎቻችን ሲቆረጥሙት ውለው ማታ አጥር የሚዘሉት ለዚህ ይሆናል። ቦይና፣ ከተሜዎች ጎደሬ የምትሉት፣ ውስጡ ፋይበር የሚባል ነገር አለው አለችን። እናቷ ደንግጣ ደጋግማ አጠበችው።

ችግሩ የመጣው ስለሚበላው ማስተማሯን ጨርሳ ስለማይበላው ስትጀምር ነው። መጀመሪያ ከዳጣው ላይ ጨው አነሳች። ዳጣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብሮ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው፤ ወላይታ ሥጋ የሚበላው በዳጣው ሰበብ ነው ብል አላጋነንኩም። ጨው የሌለበትን ቀመስኩት። ያቃጥላል፤ ለምን እንደሚያቃጥል ግን ራሱም አያውቅም። ዝም ብዬ በላሁ። ቀጥላ ወደ ቅቤ ዞረች። ቅቤ የልብ ጠላት ነው አለች። ላሚቱ በረት ሆና ሰምታት እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ሰሞን ወተቷ ቀነሰ።

በዚህ መሐል ሽማግሌ መጣ።

ምሕረት ዱቦ ከተማ ከሚያስተምር አንድ ወጣት ጋር ተዋዳለች። ይህን እኔ አላውቅም። ማለቴ፣ አባት ስለሆንኩ እንዳላወቅሁ ነው የምቆጠረው። ልጁ ሽማግሌ ላከ፤ የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ አንጁሎ ናቸው፤ አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ዓይናቸው ግን ምንም የማያልፈው ሰው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የልጅቷ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። እሺ ካለ ልጁን ሊገላገላት የቸኮለ ይመስላል። እምቢም አይልም፤ እምቢ ካለ ይቀየሙታል። ዝም ነው የሚለው። ታዲያ ሽማግሌው መልሱን ከየት ያገኛል? ከሳህኑ ነዋ! ሙቿ ይቀርባል፤ ከእንሰት የሚሠራ የክብር ምግባችን ነው። በላዩ ላይ ቅቤው ከፈሰሰ «ተመለሱ፣ ቤታችሁ ነው» ማለት ነው። ቅቤ ከሌለው «የመጣችሁበትን መንገድ ታውቁታላችሁ» ማለት ነው። እኔ ዝም ስል ስለ እኔ የሚናገረው ቅቤው ነው።

ያን ዕለት የምሕረት እናት የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ምሕረት ብቻዋን ጓዳ ገባች። ሽማግሌዎቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ልባቸውን ልጠብቅላቸው ብላ አሰበች፤ የቅቤው ቋንቋ ትዝም አላላት። ክፋት የለባትም፤ ትምህርት ብቻ ነው ያለባት። ሙቿው ቀረበ። ነጭ፣ ደረቅ፣ ጤናማ። አጠገቡ የተቀቀለ ቦይና፣ ጎመንና ያ ጨው ያልጎበኘው ዳጣ። አቶ አንጁሎ ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ምን ላድርግ? በእንግዳ ፊት «ቅቤው የት አለ?» ብሎ መጮህ ያባት ወግ ነው? ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ያላምጣሉ። ምሕረት በመጋረጃው ብቅ ብላ፣ ጎመኑን እንዳይተዉት፣ ለዓይን እንደሚጠቅም ነገረቻቸው። «አይተናል ልጄ፣ በደንብ አይተናል» አሉ አቶ አንጁሎ። መርቀው ወጡ። ምርቃታቸውም ለቅሶ ቤት የሚመረቅ ዓይነት ነበር።

ከዚያ ወሬ ጠፋ። ሳምንት አለፈ፤ ሌላ ሳምንት ተከተለ። በመጨረሻ ልጁ ለምሕረት ደወለላት። አባትሽ አልፈለጉንም፣ ሽማግሌ ያለ ቅቤ ሸኝተዋል፣ ቤተሰቦቼ ሌላ ቤት ሊያዩልኝ ነው አላት። ልጄ ተደፍታ አለቀሰች። ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት። ለዚህኛው አይሆንም መሰለኝ፤ ባሰባት።

እናቷ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ይዛ ቁጭ አለች። «ለሽማግሌ ደረቅ ሙቿ! ምነው በዱላ ባባረርሻቸው!» አለቻት። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «አንተስ ሰውዬ፣ አፍ የለህም?» አለችኝ። አፍማ አለኝ። ግን ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዱቦ ልውረድ? እንዲህ ያደረገ አባት ከዚያ በኋላ የት ገበያ ይወጣል?

ባለቤቴ ግን መላ አላት። ገበያ ወጥታ ያቶ አንጁሎን ሚስት ፈልጋ አገኘቻት። ስለ ሽምግልናው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ልጇ የተማረችውን ሁሉ እንግዳ ላይ እንደምትሞክር፣ እቤት ያለው ቅቤ ግን የሚበላው ጠፍቶ ሊበላሽ እንደሆነ ብቻ አማረረች። ወሬው ዱቦ የደረሰው ከሚኒባሱ ቀድሞ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። በዚህኛው ጊዜ የልጁ አባት አቶ ሻንካ ራሳቸው አብረው መጡ፤ ቅቤ የነፈጋቸውን ሰው በዓይናቸው ሊያዩ ይመስለኛል። ጓዳ ውስጥ እናት «ይበቃል» ስትል፣ የሥነ ምግብ ምሩቋ «ትንሽ ጨምሪ እማ፣ ኧረ ጨምሪ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሙቿው ቀረበ። ማለቴ ቅቤው ቀረበ፤ ሙቿው ከሥር አለ ተብሎ ይታመናል። ያቶ አንጁሎ ፊት በራ። እኔ እንደ ወጉ ዝም አልኩ፤ ቅቤው በእኔ ፋንታ ይለፈልፋል።

ሁሉም ማንኪያ አነሱ። አቶ ሻንካ ብቻ ሳህናቸውን ቀስ አድርገው ገፉና «ለእኔ ቅቤ የሌለው ካለ» አሉ።

ማንኪያዎቹ ሁሉ ተመልሰው ተቀመጡ። ቅቤ የነፈገ አባት እምቢ ማለቱ ከሆነ፣ ቅቤ የገፋ እንግዳ ምን ማለቱ ነው? ጥያቄያችንን ትተናል ማለቱ ነዋ! አቶ አንጁሎ ሰውዬውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። አቶ ሻንካ ደነገጡ። «ኧረ ለክፋት አይደለም! የደም ግፊት አለብኝ። ኦቶና ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ቅቤና ጨው ተው ብሎኛል። እንዲያውም ባለፈው እዚህ ቤት ደረቅ ሙቿ ቀረበ ሲሉኝ፣ ምነው እኔ በነበርኩ ብያለሁ» አሉ።

እኔ በልቤ ደስ አለኝ። እግዜር የልጄን ትምህርት የሚቀበል አንድ ሰው ከወላይታ ምድር መርጦ፣ እሱኑ አማት አድርጎ ላከላት አልኩ። ከእንግዲህ ሁለቱ ጎመን ለጎመን ተቀምጠው ይኖራሉ። ይህን እያሰብኩ መጋረጃው ተነቃነቀ። ምሕረት ለእናቷ ታንሾካሹካለች።

«ሰበብ ነው እማ! ለጤናዬ ብሎ ቅቤ የሚተው ሰው ደግሞ የት አለ?»

የልጄ ሹክሹክታ በረት ድረስ ይሰማል። አቶ ሻንካ ሰሙ። እኔን አዩኝ። እኔ የልጅቷ አባት ነኝ፤ ጣሪያውን አየሁ። ሰውዬው ማንኪያቸውን አነሱ። ስለ ልጃቸው ሲሉ ጎረሱ፣ ስለ ልጃቸው ሲሉ ዋጡ። ግንባራቸው እያላበው እስከ ሳህኑ ግርጌ ወረዱ። አቶ አንጁሎ «ተመስገን» አሉ፤ እኔም በዚህኛው ቀን የሚፈቀድልኝን አንድ ቃል አውጥቼ እሺ አልኩ።

ምሕረት በደስታ ከመጋረጃው ወጣች። የአማቷን ባዶ ሳህን አየች። አክባሪ ምራት ናትና ጨመረችላቸው።