ናጋሺ ሜይራምቤክ የእናታቸውን ጽዋ ከእህታቸው ልጅ እንዴት እንደ ጠበቁ

በዘመነ ንብ በሁለተኛው ዓመት፥ ይኸውም ዘመነ አኮርዲዮን ካለፈ፥ ዘመነ ውሻም በኀዘን ከተዘጋ በኋላ፥ ሊቀ መፈክር ወመጋቤ ዓርማ፥ ለሳሙና ጠባይ ለብስኩትም ነፍስ የሚሰጡት የብራንድ ስትራቴጂስቱ ሜይራምቤክ፥ በፈረስ ስማቸው አባ ዝብርቅ (ፈረስ ግን ተቀምጠው አያውቁም፤ በኤሌክትሪክ ስኩተር ነበር የሚሄዱት)፥ በአልማቲ ከተማ በአምስተኛው ፎቅ ላይ፥ ንባቸው በበረንዳ፥ ጎረቤታቸው በምሬት፥ በሰላም ተቀምጠው ሳለ፥ የእህታቸው ልጅ ዣንዶስ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው እንደሚመጣ መልእክት ደረሳቸው። ወሶበ ሰምዑ ወደ መደርደሪያቸው ሮጡ።

በካዛኮች ዘንድ የእናት ወንድም «ናጋሺ» ይባላል። የእኛ አገር ሰው ይህን ሰምቶ «ነጋሢ» ቢመስለው ጆሮው ብዙ አልተሳሳተም ብሎ በዚያ ከተማ ጠጉሩ የሸበተው ይህ ጸሐፊ ፈርዷል። ነገር ግን ይህ ንጉሥ አስገባሪ ሳይሆን ገባሪ ነው፤ «ዢየን» የተባለው የእህት ልጅ ከናጋሺው ቤት ሦስት ጊዜ የወደደውን ቢጠይቅ መከልከል ትልቅ ነውር ነውና። ዣንዶስም ሁለቱን ተጠቅሞባቸዋል። አስቀድሞ አኮርዲዮኑን ጠየቀ፤ ዘመነ አኮርዲዮንም በዚያው ተፈጸመ፥ ጎረቤትም ሁሉ መረቀው። ቀጥሎ ታዚ የተባለውን ቀጭን አዳኝ ውሻ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ ናጋሺው እስከ መኪናው ድረስ እያለቀሱ ሸኙት። አንድ ጥያቄ ቀርቶት ነበር።

ወእምዝ የመደርደሪያቸውን ሠራዊት እንቈጥራለን። በቀኝ ክንፍ ከጃፓን የመጣ፥ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚረጩለት ከአረንጓዴ የዛፍ ሽበት የተጠቀለለ ድቡልቡል፤ ቀጥሎ የሜክሲኮ የትግል ስፖርተኛ ጭምብል፤ ቀጥሎ የጆርጂያ ዋንጫ ቀንድ፤ ቀጥሎ የፊንላንድ የእንፋሎት መታጠቢያ ባልዲ፤ በግራ ክንፍ ከጋና የመጣ የጠጉር አስተካካይ ማስታወቂያ፤ ከእኛም አገር አንዲት የብራና ቅጠል፥ ተዘቅዝቃ ተሰቅላ፤ ይህ ጸሐፊ ግን ወጪት ሰባሪ እንዳይባል ዝም አለ። እነዚህን ሁሉ «የመንፈሴ ምንጮች» ይሏቸው ነበር፤ ደንበኛም በመጣ ቍጥር ለአንድ የጥርስ ሳሙና ስም ለማውጣት ዓለምን በጣታቸው ያዞሩት ነበር።

በሠራዊቱ መካከል ግን አንዲት ጽዋ ነበረች፤ አበባዋ የደበዘዘ፥ ተሰንጥቃ በቀጭን ሽቦ የተሰፋች፥ የሟች እናታቸው የወይዘሮ ዛይራ የሻይ ጽዋ። በደንበኛ ፊት ስለ እርስዋ «የስብራት ውበት» እያሉ ብዙ ይናገሩ ነበር፤ እውነቱ ግን እናታቸው ይናፍቋቸው ነበር፥ ያችን ጽዋ የሚያህል የሚወዱት ነገርም በቤቱ አልነበረም። ዣንዶስ ደግሞ በወይዘሮ ዛይራ እጅ፥ ከዚያችው ጽዋ እየጠጣ ያደገ ነው። የሟቿ ዕቃ ለዘመድ በተከፋፈለ ቀን የአያቱን ስኒ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣት፤ ናጋሺውም ጽዋይቱን በኪሳቸው ይዘው ጣራ ጣራውን ይመለከቱ ነበር። እንግዲህ ቅዳሜ ቢያያት ይጠይቃታል፤ ቢጠይቃት ትሄዳለች።

ስለዚህም ሜይራምቤክ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆመው የክተት አዋጅ አወጁ፤ ቤቱ ሁሉ ለጽዋይቱ ዘብ ይቁም አሉ። እቴጌ ራውሻንም ሚስታቸው፥ ሥጋ ከምትቀቅልበት ከወጥ ቤት ሆና፥ አጸፋውን አወጀች፦

«ስማ ሜይራምቤክ። ልጁ መጥቶ መደርደሪያውን እንዳለ ጠራርጎ ቢወስድልኝ በግ አርጄ ነው የምሸኘው። አቧራ መጥረግ ታክቶኛል። መደበቅ ከፈለግህ ደብቅ፤ እኔን ግን እንዳትነካካኝ።»

ሜይራምቤክም ብቻቸውን ዘመቱ። ጽዋይቱን በባልዲው ውስጥ ቢያኖሯት ዓይን ውስጥ የምትገባ ሆነች፤ ከንብ ቀፎው ኋላ ቢወስዷት ቀፎው ተቈጣና በቅንድባቸው ላይ ቈስለው ተመለሱ፤ በመጨረሻም ዕቃ የሚሰወረው በዕቃ መካከል ነው ብለው በወጥ ቤቱ ቁምሳጥን ከተራ ስኒዎች ጋር ደረደሯት፥ በጥበባቸውም ተደነቁ። እንዳትነካካኝ ብላለችና ለሚስታቸው አልነገሩም። ከዚህም በኋላ ጭምብሉንና ቀንዱን ለወጥመድ ወደ ፊት አወጡ።

በይእቲ ዕለት፥ በቅዳሜው፥ ዣንዶስ ደረሰ፥ ደረቱ ሰፊ፥ ሳቁ ከደረጃው የሚቀድም። ተከታዮቹም እነዚህ ነበሩ፦ ባውርሳክ የተባለ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በሳህን የያዘች ሚስቱ፤ የድንች ጆንያ የተሸከመ ጓደኛው፤ ደግሞም በመንገድ ላይ መኪና ያሳፈሩት፥ ሽንት ቤት ልጠቀም ብሎ ወጥቶ ለሻይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ። ዣንዶስም ጭምብሉን አጥልቆ፥ ቀንዱን ነፍቶ፥ የሽበቱን ድቡልቡል አሽትቶ፥ የሜይራምቤክም ልብ «ውሰድ፥ ውሰድ» እያለ ሲመታ፥ ጭምብሉን ሳያወልቅ አወጀ፦

«ናጋሺ፥ ቤትዎ የጉምሩክ መጋዘን ሆነ እኮ። ቅንድብዎንስ ማን መታዎት? አይዞዎት፥ ዛሬ ልጠይቅ አልመጣሁም። ናፍቀውኝ ነው።»

ሜይራምቤክም ድል አደረግሁ ብለው ደስ አላቸው። ይሁን እንጂ እንግዳው ከታሰበው በዝቶ ነበርና ራውሻን ቁምሳጥኑን ገልብጣ ስኒ ሁሉ አወጣች፤ ያችም የተሰፋች ጽዋ በወተት የቀላ ጥቂት ሻይ ተቀድቶባት በዣንዶስ እጅ ገባች። ዣንዶስ እያወራ ነበርና አላያትም። ናጋሺው ግን አዩ። ራውሻን ሥጋውን ልታይ በተነሣች ጊዜ ማንቆርቆሪያውን ነጥቀው፥ ስንጥቋ ከውስጥ እንዳይታይ፥ ከግለቷም የተነሣ ገልብጦ እንዳያያት ብለው፥ የዣንዶስን ጽዋ እስከ አፏ ሞሏት።

ወየው ለዚያች ሰዓት። በዚያ አገር ሻይ ለእንግዳ የሚቀዳው ጥቂት ጥቂት ነው፤ እንግዳው ደጋግሞ ጽዋውን እንዲመልስ፥ አስተናጋጁም ደጋግሞ እንዲያከብረው። ሙሉ ጽዋ ማለት ጠጣና ሂድ ማለት ነው። የዣንዶስ ሚስት ዓይኗን ወደ ምንጣፉ ሰበረች፤ ሽማግሌውም ባርኔጣውን ፈለገ።

ዣንዶስ ጆሮው ቀላ። ትኵሱን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ፥ በቃኝ እንደሚሉትም ጽዋይቱን በጎኗ ሊያስተኛት ሲል አውራ ጣቱ ሽቦውን ነካ። እዚያው ቆመ። ሽቦውን ደግሞ ዳሰሰ። ያን ጊዜ ሜይራምቤክ ያደረጉትን ዐወቁ፤ እናታቸው ያሳደጉትን ልጅ በእናታቸው ጽዋ ከቤት አባረዋልና፤ አንገታቸውንም ደፉ፥ እፍረቱም ከንቡ ይልቅ አመማቸው።

ዣንዶስም አወጀ፤ ድምፁ ግን የአዋጅ አልነበረም፦

«ናጋሺ፥ የአያቴን ስኒ ማን እንደ ወሰዳት ድሮም አውቃለሁ። ኪስዎ አብጦ ነበር እኮ። እናትዎ ናቸው፥ ይዘዋት ይኑሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አሁንም አልወስዳትም። ሦስተኛዬን ግን ዛሬ እጠይቃለሁ፤ መከልከል የለም። ሁለተኛ ለእኔ ሙሉ እንዳይቀዱልኝ።»

ሜይራምቤክ፥ ለሸቀጥ ሁሉ ቃል ያላጡት ሊቀ መፈክር፥ አለቀሱ። ጽዋይቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በታችዋ ጥቂት ብቻ ቀዱ። ዣንዶስ ጠጥቶ መለሰ፤ ቀዱ፤ መለሰ፤ ቀዱ። ሽማግሌውም ባርኔጣውን መልሶ አኖረ። ራውሻን ሥጋውን ይዛ ስትመለስ ባሏ ሻይ ሲቀዳ አይታ ማንቆርቆሪያውን አልተቀበለችውም፤ ውኃ ብቻ ደግማ ጣደች።

እናንተ ይህን ዜና የምትሰሙ፥ ከተማ የከበቡትን ባሕርም የተሻገሩትን ማመስገን ለለመደበት ተዉት፤ እኛ ግን ሜይራምቤክን፥ አባ ዝብርቅን፥ የሳሙና አባት የብስኩት ጠበቃ፥ የንብ ቍስለኛ፥ ከናጋሾች ሁሉ የላቁትን እናመሰግናለን፤ ብርቱ ነበሩ፥ ሌባም ነበሩ፥ ዢየናቸውም ይወዳቸው ነበር። ክብር ለቀኝ እጃቸው ይሁን፥ እያጐደለች መቅዳትን ለተማረች።