የወጥ ቤቱ በር ዘመቻ

ሰው ሥራ ከመሥራት ይልቅ ለሥራ መዘጋጀት ይወዳል። አትሳቁ፤ አዲስ መጋዝ የገዛ ወንድን ፊት አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። እኔ ያን ፊት በደርግ ጊዜ፣ አሰብ ላይ፣ በገዛ መስታወቴ አይቼዋለሁ።

የነዳጅ ማጣሪያው መካኒክ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ስታገል እውላለሁ፤ የራሴ ወጥ ቤት በር ግን ማጠፊያው በዝገት ተበልቶ አይዘጋም ነበር። ይህን ከእኔ ቀድመው ያወቁት የጎረቤታችን የአሊ ፍየሎች ናቸው። ከደሴ በጭነት መኪና የመጣውን ጎመን ሙልጭ አድርገው የበሉ ዕለት ባለቤቴ ዘነበች፣

«እናቴ ለፋሲካ ትመጣለች። በሩን እንዲህ እንዳለ ካየችው ምን ዓይነት ባል አገባሁ ልበላት?» አለችኝ።

ክብሬ ተነካ። ሁሉ ነገር በዘመቻ የሚሠራበት ጊዜ ስለነበር እኔም ዘመቻ አወጅኩ። ግን በር ያለ ወርክሾፕ ይጠገናል? በረንዳውን በላሜራ ከለልኩ። መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሦስት ዓይነት ሞረድ ሰብስቤ ግድግዳው ላይ ደረደርኩ፤ የእያንዳንዱንም ቅርጽ ከበስተኋላው በቀለም ሳልኩ። ደስታዬ እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ ባልደረባዬ ሞርሳውን ትቶልኝ ሄደ፤ ብረት ነክሶ የማይለቅ፣ ለሁለት የምንሸከመው ሞርሳ። የሚታሰርበት ጠረጴዛ ግን አልነበረኝም። በቤቱ ያለው ወፍራም ሳንቃ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

አዎ፣ በሩ።

«ለጊዜው ነው» ብዬ ነቀልኩት። ሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ ሞርሳውን በአራት ብሎን ጠፈርኩበት። በበሩ ፋንታ መጋረጃ ተሰቀለ። ፍየሎቹ መጋረጃውንም በሉት።

ፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ብሎኖቹን ልፈታ ተነሳሁ። የአሰብ የባሕር አየር ግን አዝጎ ያጣበቀውን አይመልስም። ናፍጣ አጠጣሁ፣ በመዶሻ ለመንኩ፤ ያለኝም አንድ የብረት መጋዝ ተሰበረ። ዘነበች በረንዳው ላይ ቆማ ታየኛለች። ሌላ መላ ስላጣሁ ሦስት ወፋፍራም ማጠፊያዎች ሠርቼ በሩን ከነሞርሳው ሰቀልኩት።

አማቴ መጡ። በሩን ከፍተው ሲለቁት በሞርሳው ክብደት ራሱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። አንዱ ፍየል በግንባሩ ገፋው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ዘነቡ፣ ባልሽ አሳቢ ሰው ነው» አሉ። ዘነበችም አላጋለጠችኝም።

ወርክሾፔ እንዲህ ሆኖ ወደ ወጥ ቤት ተዛወረ። በጎኑ በተንጠለጠለው ሞርሳ ላይ አንገቴን አጋድሜ ብረት ስሞርድ በሩ ስለሚወዛወዝ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል። ጀርባቸውን አስደግፈው የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው፤ አሞራረዴንም ያርሙልኛል። ለሁለት ሳምንት ነበር የመጡት። በሦስተኛው ወር ዘነበች፣ «እማዬ፣ አገርሽ አልናፈቀሽም?» ብትላቸው በሩን ሳይለቁ መለሱላት፦

«ሥራ ጥዬ የት ልሂድ?»