ልጄ የጋጠው ሳር

አጥሚት በማንኪያ ሲሰጡት አፉን የሚቀረቅር ልጅ፣ መሬት ላይ ያገኘውን ለምን ሳያላምጥ ይውጣል? እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

ባለቤቴ ጸሐፊ ሆኖ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ ሲዛወር የተከራየነው ቤት ጣሊያን ኖሮበት የሄደ ነው። ደጁ ሳር በሳር! ዘጠኝ ወር የሆነው ልጄ መዳህ ከጀመረ ወዲህ ውሎው እዚያ ነው። አንድ ቀን ልብስ አስጥቼ ዞር ስል ይግጣል። ጥጃ በሉት! ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ፤ ግማሹ ወጣ። ግማሹስ?

እኔ ደግሞ ሳር የማውቀው ለበዓል ታጭዶ፣ ታስሮ ሲመጣ ነው። ሲበቅል ማን አየው? እናቴ «እንክርዳድ ያዞራል» ስትል ግን ሰምቻለሁ። ልጁን ባየው አንገቱን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዛል። በቃ፣ ዞረበት! እሱን በአንድ እጄ፣ ሳሩን በሌላው ይዤ፣ ነጠላ እንኳ ሳልደርብ ጎረቤቴ አደይ ለተብርሃን ዘንድ ሮጥኩ።

አደይ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ባልቴት ናቸው። «እንክርዳድ በላብኝ!» ብላቸው ልጁን ትተው ሳሩን ተቀበሉኝ።

«ወይ ጓለይ፣ ወይ ልጄ! ሸዋ ሳር የለም እንዴ?» ብለው ሣቁብኝ። እንክርዳድ ስንዴ መሐል ቀጥ ብሎ ይቆማል አሉ። ይሄ ግን እንደ ሐሜተኛ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በደረሰበት ሁሉ ሥር ይሰዳል። አናቱም እንደ ዶሮ እግር ጣት አለው። «እኛ ትሓግ፣ እናንተ ሰርዶ የምትሉት ነው።»

ሰርዶ! «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያልኩ ስተርት አድጌ፣ ሰርዶውን አላውቀውም ኖሯል። አፈርኩ። ልቤ ግን አላረፈም። ታዲያ አንገቱን ምን ያወዛውዘዋል? አልኳቸው።

«አጆኺ፣ አይዞሽ! አንቺ ስትንቀጠቀጪ ጉትቻሽ ይወዛወዛል፤ እሱን እያየ ነው» አሉኝ።

እናት መቼ በዚህ ትመለሳለች? ሦስት ቀን ቆፍሬ፣ ሥሩን ሁሉ ለቅሜ ደጁን ባዶ አስቀረሁት። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤት ሲገባ ያንን የመሰለ ደጅ ምን በላው ብሎ ጮኸ። ልጅህ ነው፣ የቀረውን እኔ ጨረስኩት አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ብወጣ ልጄ እዚያው ተቀምጧል። ሳር ሲያጣ ጊዜ አፈሩን በሁለት እጁ እየዘገነ ይቅማል! አደይ ጋ ልሮጥ አልኩና፣ በየትኛው ፊቴ?

እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። አፈሩንም እንደ ሳሩ ዓይነቱን የሚለይልኝ ሰው ልፈልግ? ወይስ ሰርዶውን መልሼ ልትከለው?